የአይጦቹ ማር

ረቢአ ድስቱን ከእሳቱ አውርዳ በማማሰያ እያማሰለች ሳለ ልጇ ሱዓድ በጓዳው በር ብቅ አለች። በድስቱ ውስጥ ያለው ነገር ወፍራም ነው፤ መልኩ ወደ ቀይ ያደላል፤ ከማማሰያው ሲወርድ እንደ ክር ይሳባል። ለማያውቅ ሰው ማር ነው። ግድግዳው ሥር ግን ባዶ የስኳር ከረጢት ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ አጠገቡም የተጨመቀ ሎሚ ልጣጭ ተጥሏል።

«እማ፣ ምንድን ነው ይኼ?»

«በሩን ዝጊው፤ ንቦቹ ሸተታቸው እኮ።»

«ለማን ነው?»

«ዝጊው አልኩሽ!»

ሱዓድ በሩን ዘጋችና ጣቷን ከማማሰያው ጫፍ ነክራ ቀመሰች። ከቀፎ ሥር ያደገች ልጅ ናት፤ ምላሷ አይታለልም።

«ስኳር አፍልተሽ ማር ጠብ አደረግሽበት። አንቺ እማ! አንቺ!»

«ለሰው አይደለም።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ለአይጦች።»

ሱዓድ ልትስቅ አፏን ከፍታ ነበር፤ የእናቷን ዐይን ስታይ ተወችው። የትኞቹ አይጦች እንደሆኑ ገባት። የኑርሁሴን ልጅ የሙስዐብ አይጦች ናቸው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ነገሩን ከመነሻው ካልነገርኳችሁ በረቢአ ላይ ትፈርዳላችሁ። ከነገርኳችሁም በኋላ ትፈርዱ ይሆናል፤ እሱ የእናንተ ፋንታ ነው።

ረቢአ ከከሚሴ በላይ፣ ከጨፋው ሜዳ ወደ ተራራው በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ዐሥራ አንድ ቀፎ ይዛ የምትኖር ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመቱ። ቀፎዎቹን ያወረሳት እሱ ነው፤ ለማሩ ስም ያወጣችለት ግን ራሷ ናት። ጢስ የጠጣ ማር አትሸጥም፤ እጭ የተቀላቀለበት አትሸጥም። በከሚሴ ገበያ የረቢአ ማር ነው ከተባለ ሰው ሳይቀምስ ነበር የሚያነሣው።

ከሁለት ዓመት በፊት ዝናቡ ቀረ። ግንቦት ላይ አበባ የሚባል ነገር ጠፋ፤ ንቦቹ ከቀፎው አፍ ላይ እየወደቁ ያልቁ ጀመር። የግብርና ባለሙያው መጥቶ፣ «እንዳይሰደዱብሽ ስኳር በጥብጠሽ አቅምሻቸው፤ በሶም ነስንሽላቸው። ዝናብ ሲጥል ትተይዋለሽ» አላት። እንዳላት አደረገች። ሦስት ሳምንት እንደ ሕፃን መገበቻቸው። ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ ሬቱና ግራሩ አበቡ፣ ስኳሩ ቆመ፣ ተረሳም። ኅዳር ላይ የቆረጠችው ማር የአበባ ማር ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ የስኳር ከረጢት ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ያያት ሰው ነበር፤ ያ ሰው ለኑርሁሴን ነገረው።

ኑርሁሴን የከሚሴ ማር ነጋዴዎች አውራ ነው። ሠላሳ ዓመት ማር ሲገዛ ሲሸጥ ኖሯል። ግዙፍ ሰው ነው፤ ድምፁም እንደ ሰውነቱ ነው። በዚያ ኅዳር፣ ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት፣ በዚያ በከሚሴ ሙቀት ጆንያ ሲያወርድ ቆይቶ ሸሚዙ በላብ እንደራሰ፣ የረቢአን ጀሪካን አስከፈተ። ከደረት ኪሱ ክብሪት አወጣ። አንዲቱን እንጨት ማሩ ውስጥ ነክሮ ጫራት፤ ንጹሕ ማር ከሆነ ትነዳለች፣ ውሃ ከገባበት እንቢ ትላለች፤ የእሱ መፈተኛ ይኼ ነበር። አልነደደችም። ሌላዋንም ነከረ። እሷም እንቢ አለች።

«ውሃና ስኳር ነው!» ብሎ ጮኸ። «እዩልኝ ጀመዓ! ዳገት ለዳገት ስኳር የምትሸከመው ለዚህ ነው!»

ጀሪካኑን በእግሩ ገፋው። የአምስት ወር ማር አቧራው ላይ ወረደ።

ረቢአ፣ «አያ ኑርሁሴን፣ ተዉ፤ ወላሂ፣ ተዉ» ከማለት ሌላ አንደበት አልነበራትም። ነገሩ የተገለጠላት ቤቷ ከገባች በኋላ ነው፤ ክብሪቱ የራሰው በላቡ ነበር። ግን ያን ጊዜ ማን ይሰማታል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ስኳሯ» ሆነ። ሠርግ ቤት ስትገባ ሴቶቹ፣ «ስኳሯ መጣችላችሁ፤ ሻይ ቶሎ አቅርቡ» ይላሉ። ይስቃሉ። እሷም አብራቸው ትስቃለች፤ መጥፎው ሳቅ ይኼ ነው። ከሚሴ የሚገዛት ስላጣች ማሯን እስከ ሰንበቴ ገበያ ትልካለች፤ እዚያ ስሟን አይጠይቋትም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ይኼን ነገር እንደ ፍም አዳፍና ኖረች። ሰግዳ እጇን ለዱዓ ስትዘረጋ የኑርሁሴን ስም ይመጣባታል፤ ለበጎም አይደለም።

ባለፈው ጥቅምት ታዲያ የኑርሁሴን ልጅ ሙስዐብ ዳገቱን ወጥቶ ደጃፏ ላይ ቆመ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር፣ አንገቱን ደፋ የሚያደርግ ልጅ ነው። «እማ ረቢአ፣ ከአምስት አናቢዎች ማር ወስጄ፣ ስም ሳልጽፍ በቁጥር ብቻ አስመርምሬ ነበር። ከሁሉም ሦስት ቁጥር በለጠ። ሦስት ቁጥር የአንቱ ነው» አላት። ሰንበቴ ገበያ ከሚሸጥላት ሰው ነበር የገዛው።

ማሩን ለምን እንደፈለገው ጠየቀችው። እሱም ቁጭ ብሎ እንደ እናቱ ቆጥሮ አስረዳት። ሠላሳ ሁለት ነጫጭ አይጦች አሉት። በአራት ቤት ስምንት ስምንት አድርጎ ከፍሏቸዋል። አንደኛው ቤት ተራ መኖ ይበላል። ሁለተኛው ስብ የበዛበት መኖ ይበላል። ሦስተኛው ስቡ ላይ ስኳር ይጨመርለታል፤ አራተኛው ስቡ ላይ ማር። በየሰኞው ይመዘናሉ። በዐሥራ ሁለት ሳምንት ውስጥ ማር የበሉት እንደ ስኳሮቹ ይወፍሩ እንደሆነ፣ ወይም አይወፍሩ እንደሆነ ያያል። ለዚህ ሁለት ዓመት ደክሟል።

«ማሩ ንጹሕ ባይሆንስ?» አለችው ረቢአ፣ እንዲያው ለወሬ ያህል።

«ያን ጊዜማ ሦስተኛውና አራተኛው ቤት አንድ ይሆኑብኛል። ድካሜ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው» ብሎ ሳቀ።

እሷም ሳቀች። የመጀመሪያውን ጀሪካን ንጹሕ ማር ሞልታ ሰጠችው። ሁለተኛውን፣ ለመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት የሚሆነውን፣ ታኅሣሥ ላይ አባቱ ሱቅ ድረስ ልታመጣለት ተስማሙ። ልጁ ዳገቱን ሲወርድ ጀርባውን ቆማ አየችው። አረማመዱ ቁርጥ የአባቱን ነበር።

ዛሬ ያ ቀን ነው።

«አይጦቹ ምን በደሉሽ?» አለች ሱዓድ።

«አይጦቹ ምንም። አባትየው ነው።»

«ታዲያ ለአባትየው አፍልተሽ አትሰጪውም!»

«አባትየው ምላስ አለው፤ ያውቅብኛል። አይጥ ቀምሶ አይናገርም።»

«ሙስዐብስ? ከሁሉ አስበልጦሽ የለም እንዴ?»

«የልጁ ድካም ሲፈስ ያየዋል። የሰው ድካም ሲፈስ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን በዐይኑ ይየው። እኔስ ምን በድዬ ነበር?»

ሱዓድ የስኳሩን ከረጢት በእግሯ ገፋችው። «ስኳሯ ሲሉሽ እኔ እጣላ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ባለፈው እንኳ ከበርበሬ ሻጯ ከዘሊካ ልጅ ጋር ፀጉር ተያይዣለሁ። ከዛሬ በኋላ ምን ብዬ ልጣላ?»

ረቢአ የፈላውን ሲበርድ በቢጫው ጀሪካን ሞላችው። ለሰንበቴ ገበያ የሚላከው ንጹሑ ማር በነጩ ጀሪካን ውስጥ ነው። ሁለቱንም አንጠልጥላ ወደ መንገዱ ወረደች።

ባጃጁን የሚነዳው ሚፍታህ ከሩቅ ሲያያት ፍሬን ያዘ።

«ሀዳኮ! አካም ጅርታ?» ሲል በኦሮምኛ ሰላም አላት፤ ሀዳኮ እናቴ ማለት ነው።

«ነጋ፤ ገለተ ረቢ፣ ደኅና ነኝ። ከሚሴ አድርሰኝ።»

«ሁለት ጀሪካን! ዛሬ ከተማውን ልታጣፍጡት ነው በሉኛ።» ጀሪካኖቹን ተቀብሎ ከኋላ ሲያስቀምጥ እጁ ፈጠነ።

«ቀስ በል! ነጩን ጠንቅቀህ ያዝልኝ።»

«ቢጫውስ? ይፍሰስ?»

ረቢአ የራሷ አፍ ያወጣውን ሰምታ ደነገጠች። «ቢጫውንም» አለች።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ የጨፋው ሜዳ ከታች ተዘርግቶ ይታያል፤ ከብቱ ሣሩ ውስጥ ነጠብጣብ መስሏል። ሌላ ቀን ቢሆን ለሚፍታህ ቀልድ መልስ አታጣም። ዛሬ ጀሪካኖቹን ብቻ ስታይ ወረደች። ሲያወርዳት፣ «ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ላይ እመለሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ዛሬ አልወጣም። ጡሩምባ ሳሰማ ቶሎ ብቅ በሉ፤ በእግር ከሆነ ዳገቱ ሁለት ሰዓት ነው» አላት።

የኑርሁሴን ሱቅ ከገበያው ጫፍ ነው። በአንድ በኩል የማር ጣሳና ጀሪካን፣ በሌላው የስኳርና የሩዝ ጆንያ ተደርድሯል። በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊው ረጀብ መኪናውን ዘርግቶ ይሰፋል፤ ማዶ ዘሊካ በርበሬዋን ዘርግታለች። ኑርሁሴን ለዙህር ሶላት ወጥቷል፤ ሱቁን የያዘው ሙስዐብ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም እማ ረቢአ! በዚህ ፀሐይ! እኔው እመጣ ነበር እኮ።» «ቢጫው የአንተ ነው» አለችው። እሱም ጀሪካኖቹን ተቀብሎ፣ ጥላ ፈልጎ ከስኳር ጆንያዎቹ ኋላ አስቀመጣት። ውሃ ሰጣት። ከዚያ ስልኩን አወጣ። «ይኸውልዎት፣ ልጆቼን ላሳይዎት።»

ቀይ ዐይን ያላቸው ነጫጭ አይጦች ናቸው፤ ሽቦ ቤት ውስጥ ሆነው ወደ ሰው ያያሉ።

«ይኼ የስኳር ቤት ነው። ይኼኛው ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው፤ አባባን ይመስላል፣ አይደል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባባን አምስተኛው ቤት ነህ እለዋለሁ። ሐኪሙ ስኳር ቀንስ ቢለው፣ ማር ስኳር አይደለም እያለ ይልሳል።»

ረቢአ ሳትፈልግ ፈገግ አለች። «የማር ቤቱስ?»

«እስካሁን ከስኳሮቹ ያነሰ ነው የወፈሩት። እስካሁን ነው ያልኩት፤ ስድስት ሳምንት ይቀራል። አይጥም ሰው አይደለም፤ ማር ብሉና ክሱ ብዬ አልጽፍም። ግን ልዩነት ካለ፣ በአንቱ ማር የተገኘ ነው።» ከደብተሩ መሀል የሚለጠፍ ወረቀት ላጥ አድርጎ ከብዕር ጋር ሰጣት። «እዚህ ላይ ስምዎትን፣ ቀበሌዎትን፣ የተቆረጠበትን ወር ይጻፉልኝ። ጀሪካኑ ላይ ይለጠፋል። በጽሑፌም ውስጥ ስምዎት ይገባል።»

ረቢአ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ቆጥራለች፤ ስሟን መጻፍ ታውቃለች። ብዕሩን ያዘች። ወረቀቱ ባዶ ነው፤ «ስም» ይላል፤ ከጎኑ መሥመር። መሥመሩ ረዘመባት። ስኳር ላይ የራሷን ስም፣ በራሷ እጅ።

«እጄ ተጣብቋል፤ ልለቅለቅና እጽፋለሁ» አለች።

ያን ጊዜ የኑርሁሴን ድምፅ ከራሱ ቀድሞ ገባ።

«ይኼ ነው የአይጦቹ ቀለብ?» ነጭ ኮፍያውን እንዳደረገ ቢጫው ጀሪካን ላይ ቆመ። ጆንያው ኋላ ያለችውን ሴት አላያትም። «ረጀብ፣ ና እይልኝ! የሰው ልጅ ተምሮ ዶክተር ሆኖ አባቱን ያክማል፤ የኔው ተምሮ አይጥ በማር ይቀልባል!»

«አይጡ ከልጅህ ይሻላል፤ ብልጥ ነው፤ ማር የሚገዛለት አግኝቷል» አለ ረጀብ ከበረንዳው፤ መቀሱን እንደያዘ ገባ። ዘሊካም ነገር ያለ መስሏት ተከተለችው።

«ለአይጥም ቢሆን በኔ ቤት ሐሰተኛ ማር አያልፍም።» ኑርሁሴን ከመደርደሪያው ላይ ክብሪት አነሣ። ሙስዐብ፣ «አባባ፣ ተወው፤ በክብሪት አይታወቅም» ሲል አልሰማውም። እንጨቷን ጀሪካኑ ውስጥ ነክሮ ጫራት።

ቦግ አለች።

«አልሐምዱሊላህ!» ነበልባሏን እንደ ጧፍ ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየ። «ይኼ ነው ማር! ውሃ የሚባል አልደረሰበትም። እኔ ኑርሁሴን እመሰክራለሁ፣ በዚህ አገር እንዲህ ያለ ማር ካየሁ ቆየሁ! የማን ነው?»

ሙስዐብ ወደ ጆንያዎቹ ኋላ ጠቆመ። «የእማ ረቢአ ነው፣ አባባ።»

ዘሊካ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። ረጀብ የጆንያውን ኋላ አየ፤ ከዚያ ኑርሁሴንም ዞሮ አያት። ክብሪቱ ጣቱን ስላቃጠለው ጣለው። ኑርሁሴን ግን በገበያ ያረጀ ሰው ነው፤ መውጫ አያጣም።

«ይኸው!» አለ፣ እጆቹን ዘርግቶ። «አያችሁ? ያን ጊዜ በሰው ፊት ባልገሥጻት ኖሮ ዛሬ እንዲህ ያለ ማር ታመጣ ነበር? ያስተካከልኳት እኔ ነኝ! ረቢአ፣ አልተቀየምሽኝም አይደል? ለጥቅምሽ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ማርሽን እኔው ራሴ እገዛለሁ። ስኳሯ የሚልሽ ሰው ካለም እኔን ያናግር።»

እንግዲህ አስቡት። ሁለት ዓመት የለመነችው ነገር ሁሉ በአንድ አፍታ ከፊቷ ተዘርግቷል። ስሟ በገበያው መሀል በራሱ በኑርሁሴን አፍ ተመልሷል። ቢጫው ጀሪካን ደግሞ ወደ አይጦቹ ሊሄድ ነው፤ የልጁም ድካም አብሮት ይሄዳል። ከረቢአ የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ብትል ሁለቱንም ታገኛለች።

«ያስተካከልኳት» የሚለውን ቃል ግን ልታልፈው አልቻለችም።

ተነሣች።

«ኑርሁሴን» አለች። አያ አላለችም። «ክብሪቱን ከየት ነው ያወጣኸው?»

ረጀብ መቀሱን ዝቅ አደረገ። ረቢአ ኑርሁሴንን በዕድሜዋ ሙሉ አንቱ ስትለው ነው የኖረችው።

«ከ… ከመደርደሪያው ነዋ።»

«ያን ጊዜስ?»

«የቱን ጊዜ?»

«ማሬን ያፈሰስክ ጊዜ። ከደረት ኪስህ ነው ያወጣኸው። ጆንያ ስታወርድ ውለህ ሸሚዝህ ይጨመቅ ነበር። ክብሪቱ በላብህ ርሶ ነው እንቢ ያለህ። ዘሊካ፣ አንቺ አልነበርሽም? ሸሚዙን አላየሽም?»

ዘሊካ፣ «ርሶስ… ርሶ ነበር» አለች፣ ወደ መሬት እያየች።

«ዛሬ ደረቅ ክብሪት አገኘህ። ዛሬ የመሰከርክለት ደግሞ ስኳር ነው።» ረቢአ ቢጫውን ጀሪካን በእግሯ ነካ አደረገችው። «ዛሬ ጠዋት በድስት ያፈላሁት። ወፍራም አድርጌ፣ ሎሚ ጨምቄበት። ለአይጦቹ ሰጥቼ የልጅህን ድካም ልበላ ነው የመጣሁት።»

«ያ ረቢ!» አለች ዘሊካ።

ሙስዐብ ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተው፤ እንዲሁ፣ በቀስታ። ረቢአ ፊቱን ላለማየት ወደ አባትየው ዞረች። ልጆቼ፣ እውነቱን የተናገረችው ለጽድቅ እንዳይመስላችሁ። ከስኳሩ የባሰ የሚያም ነገር እጇ ላይ ስላገኘች ነው።

«ሐሰት ነው!» ኑርሁሴን ጮኸ። «እኔ ሠላሳ ዓመት…»

«ቅመሰው።»

«ሐኪም ከልክሎኛል!»

«ትናንት ከኔ ዘንድ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ስትጠጣ ሐኪሙ የት ሄዶ ነበር?» አለ ረጀብ። በረንዳው ላይ የተሰበሰቡት ሳቁ። ሰው እየበዛ ነበር።

ረቢአ ነጩንም ጀሪካን ከፈተች። ከባንኮኒው ማንኪያ አነሣች፤ ከቢጫው ጨለፈችና ዘረጋችለት። ኑርሁሴን ሰዉን አየ፣ ማንኪያውን አየ፣ ቀመሰ። ፊቱ አልተለወጠም፤ ጆሮው ግን ቀላ። ማንኪያውን ለቅለቅ አድርጋ ከነጩ ጨለፈች። ይኼኛውን ሲቀምስ ዐይኑን ጨፈነ። ሠላሳ ዓመት ማር የኖረበት ምላስ ነው፤ ጌታውን አላማከረም።

«የሬት አበባ አለበት…» አለ በለሆሳስ። «የላይኛው ዳገት ሬት።»

«ምን አልክ? ጮክ በል፤ መኪናዬ ላይ ስለምውል ጆሮዬ አይሰማም» አለ ረጀብ።

ኑርሁሴን ጥርሱ ሥር የቀረውን ማር ሲውጠው ሁሉም አዩት።

«እማ ረቢአ» አለ ሙስዐብ። ድምፁ ወርዷል። «እኔ ምን በደልኩዎት?»

ይኼን ጥያቄ ጠዋት ሱዓድ ጠይቃት ነበር፤ ጠዋት መልስ ነበራት። «ምንም» አለችው። «ልጁ በመሆንህ ነው። ይኼንን ወንጀል አላህ ፊት እኔው እመልሰዋለሁ።»

«የፊተኛው ጀሪካንስ?»

«ማር ነው። ወላሂ ማር ነው። ባታምነኝ አልፈርድብህም፤ አስመርምረው። ይኼንን ነጩን በቢጫው ፈንታ ውሰድ፤ እሱንም ሳታስመረምር እንዳታበላቸው።»

«አስመረምራለሁ» አለ። ፈገግ አላለም። ከእንግዲህ ዳገቱን ወጥቶ ደጃፏ ላይ ቁጭ እንደማይል አወቀች፤ ያ ነገር ወደ ውስጥ ቆነጠጣት።

ከበረንዳው ደግሞ አንዲት ሴት፣ «እንግዲህ ስኳሯ የሚለው ስም ዛሬ ባለቤቱን አገኘ» ስትል ሰማች። ይገባኛል ብላ ተቀበለችው።

ኑርሁሴን ጠጋ አላት። ግዙፉ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ፣ ሌላው እንዳይሰማ አድርጎ ተናገረ። «በቃ፣ ረቢአ። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ። ይኼን ቢጫውን ከጓሮ እናፍስሰውና ነገሩ እዚሁ ይለቅ።»

«ስትሰድበኝ ድምፅህ እስከ መስጊዱ ይሰማ ነበር። አሁን ምነው ሰለለ?»

«ሰው ፊት እኮ…»

«አዎ። ሰው ፊት። ጀሪካኑም አይፈስም። አንድ ጊዜ አፍስሰህብኛል፤ ይበቃል።»

ከሙስዐብ ደብተር ላይ ሁለት ወረቀት ላጠች። የመጀመሪያውን ቀስ ብላ ሞላችው፤ ስም፣ ቀበሌ፣ ኅዳር። ነጩ ጀሪካን ላይ ለጠፈችው። ሁለተኛውን ቢጫው ላይ ለጥፋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ፊደሉን አንድ ባንድ እየለቀመች ጻፈች። ረጀብ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ ለሰዉ ጮክ ብሎ አነበበው። «ይኼ ስኳር ነው። ያፈላሁት እኔ ረቢአ ነኝ። ማር ነው ብሎ የመሰከረለት…»

እዚያ ላይ ቆመ። መሥመሩ ባዶ ነው።

ረቢአ ጀሪካኑን አንሥታ ባንኮኒው ላይ፣ ጽሑፉን ወደ መንገዱ አዙራ አስቀመጠችው። ብዕሩንም ከክብሪቱ አጠገብ፣ ኑርሁሴን ፊት አጋደመችው።

«የኔን ጽፌያለሁ» አለች። «የቀረውን አንተ ሙላው።»

ኑርሁሴን ወደ ልጁ አየ። ሙስዐብ ነጩን ጀሪካን አንሥቶ ወደ ኋላ ይዞት ገባ።

ከመንገዱ ጡሩምባ ተሰማ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ሚፍታህ አንገቱን አውጥቶ፣ «ሀዳኮ! ስምንት ሰዓት ሆኗል! ልሂድ ወይስ ትመጣላችሁ?» አለ።

ረቢአ በሰዉ መሀል እጇን ከፍ አድርጋ አወዛወዘችለት። ሂድ ማለቷ ነው። ባጃጁ ተነሥቶ ድምፁ ወደ ዳገቱ እስኪርቅ ቆማ ሰማችው። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ፣ ከኑርሁሴን ፊት ለፊት፣ ስኳር ጆንያው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።